የማስተምረው ጥያቄ

ሰኞ

አዲሱን ሥራ ዛሬ ጀመርኩ። ማገገሚያ ቤቱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ግድግዳው የደበዘዘ አረንጓዴ የተቀባ ሕንፃ ነው። ከአእምሮ ሆስፒታል ወጥተው ገና ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ ያልበቁ ሰዎች ይኖሩበታል። የኔ ሥራ ግን ከነሱ ጋር ሳይሆን ከሚንከባከቧቸው ረዳቶች ጋር ነው። ክረምቱን በሙሉ እየተመላለስኩ፣ በኮርስ የተማሩትን ንድፈ ሐሳብ በዕለት ሥራቸው ላይ እንዴት እንደሚያውሉት ላሳያቸው ነው የተቀጠርኩት።

ኃላፊዋ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማትርቅ፣ ስትናገር እስክሪብቶ በጣቶቿ መካከል የምታሽከረክር ሴት ናት። «ሁሉም ሰርተፊኬት አላቸው» አለችኝ። «ግን አንድ ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ? አንሶላውን ይቀይሩለታል።»

ሳቅን። ቤቱን አዞረችኝ። መመገቢያው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ቴሌቪዥን ያለበት ሳሎን። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ የተዘጋ በር አለ፤ እሱ ጋ ስንደርስ ዞር አለችና «ዕቃ ቤት ነው» አለች። አልጠየቅኳትም ነበር።

ማታ ለማሙሽ ነገርኩት። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሠላሳዎቹን ቢያጋምስም ቤተሰቡ ውስጥ ማሙሽ እንደተባለ ቀርቷል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ጀምሮ እኔ ጋ ይኖራል። ሰርግ የሚቀርጽ ካሜራማን ነው። በጋውን ሙሉ ግን ከቤት አልወጣም። ሳህን እያጠበ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝና «ይወዱሻል እታለም፤ የሰው ነገር ይገባሻል» አለኝ።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ትምህርት። ርዕሱ ማዳመጥ።

አብዛኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ የክፍያ ወረፋ እንደያዘ ሰው ተቀምጠው ነበር የጠበቁኝ። ከኋላ አንድ ግዙፍ ሰው አለ፤ ድሮ ቦክስ ይጫወት ስለነበር ቦክሰኛው ነው የሚሉት። ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ሰው አፍ ላይ እንዳይጨርሱ፣ ዝምታን ለመሙላት እንዳይቸኩሉ አስረዳሁ። እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን የጠዋቱን መድኃኒት አድዬ፣ ሁለቱን ገላ አጥቤ፣ አንዱን ከአጥር ላይ አውርጄ ነው ዝም ብዬ የማዳምጠው። መቼ?»

ክፍሉ ተንጫጫ። ትክክል ነው አልኩት። ለብቻው ሰዓት አትፈልግ፤ ገላ ስታጥብ አዳምጥ፣ መድኃኒት ስትሰጥ አንድ ጥያቄ ጠይቅና መልሱን ጠብቅ። አሰበና «እሱ ይሞከራል» አለ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት አለች። ሳቂታ ይሏታል። አንድ ጊዜ እንኳ ጥርሷን አላየሁትም።

ዓርብ

ዝናብ። ከልምምዱ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወረቀቶቼን ስሰበስብ ድምፅ ሰማሁ። ታክ ታክ ታክ ታክ፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ እንደገና። የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። ከጫፉ በር ነው የሚመጣው። ጠጋ ስል አቆመ።

ከቆርቆሮው የሚወርድ ውኃ ይሆናል።

እሑድ

ዛሬ ቤቴ ደስ አለኝ። ማሙሽ ከነጋ ጀምሮ ሲሠራ ዋለ። ዓመት ሙሉ ስትጮህብኝ የነበረችውን የበር ማጠፊያ ዘይት ቀባት፤ አሁን ስትከፈትም ስትዘጋም ድምፅ የላትም። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጠገነ። ጢሙን ተላጨ። ምሳ ላይ የድሮ ጎረቤታችንን አነጋገር እያስመሰለ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እማዬ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ወስዶ ረጅም ሰዓት አወራት። ስለ ልጅነቱ ነገሮች ሲጠይቃት ሰማሁ። በኋላ ለኔ «ድምፁ እንዴት ደስ ይላል፤ ልጄ ተመለሰልኝ» አለችኝ። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። እንቅልፍ ብቻ ትንሽ ይጎድለዋል።

ማክሰኞ

ወጥ ቤት ሻይ ልቀዳ ስገባ ሁለት ረዳቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ።

«ትናንትም ሰማሁት» ትላለች አንዷ።

«ዝም በይ። ሳቂታ እንዳትሰማ።»

«እሷማ ከኛ በፊት ነው የምትሰማው።»

ሲያዩኝ ስኳር ፍለጋ ጀመሩ።

ኃላፊዋ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ዕቃ ቤት ያልሽው ክፍል የማን ነበር አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ። የልብስ ሰፊ ነበር አለች። እዚህ ሲመጣ የስፌት መኪናውን ይዞ ነው የመጣው፤ የሁሉንም ጨርቅ ይሰፋል፣ የሠራተኞችን ጭምር። በጋው ሊያልቅ ሲል ራሱን አጠፋ። በሥራ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ እያለ። የዚያን ዕለት ተረኛዋ ሳቂታ ነበረች።

«ከዚያ ወዲህ ተነጋግራችሁበታል?»

«ሪፖርት ጽፈናል» አለች። ቀጥላ ወደ መስኮቱ እያየች «አንቺን ያስመጣሁሽ ለዚያ ነው። ሥልጠና ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ» አለች።

ማክሰኞ ማታ

ቅድም የጻፍኩት ሲበዛ ደረቅ ነው። የተሰማኝን ልጻፍ። ተናድጃለሁ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቶ፣ ክፍሉን ቆልፈው፣ «ዕቃ ቤት» ብለው፣ በላዩ ላይ ስለ ማዳመጥ እንዳስተምር ጠሩኝ። እነዚህ ሰዎች ንድፈ ሐሳብ አልጎደላቸውም። የሚያውቁትን የሚያወጡበት አፍ ነው ያጡት። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ በየቀኑ እየተያዩ፣ ዋናውን ነገር እየዘለሉ ስለ አንሶላ ያወራሉ። እንዴት እንዲህ ይቻላል?

ማሙሽ አሁንም አልተኛም መሰለኝ። ሳሎኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል እግር ይሰማኛል። ወይም የዚያ መኪና ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ሐሙስ

የዛሬው ትምህርት የአደጋ ምልክቶች። ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ከሰው መራቅ፣ ሸክም ነኝ ማለት፣ የእንቅልፍ መዛባት። ከመጨረሻዎቹ ላይ ስደርስ ሰዓቱ አለቀ። ሌላ ጊዜ እደርስባቸዋለሁ። ቸኩዬም ነበር።

ሳቂታ ስንወጣ «መምህርት፣ አልጨረሱልንም» አለችኝ። ይቆየን አልኳት።

ቅዳሜ

ማሙሽ ካሜራውን ለሥራ ባልደረባው ሰጠው። መጥቶ ሲወስድ ነው ያወቅኩት። ልጁ በር ላይ ቆሞ «ኧረ ይሄ ይከብዳል፣ በኋላ ትፈልገዋለህ» ይላል፤ ማሙሽ ደግሞ ትከሻውን እየመታ ይስቃል። የቆዳ ጃኬቱንም ለጥበቃው ሰጥቶታል።

ጥሩ ነው። ያለፈውን እየጣለ ነው። ካሜራውን ባየ ቁጥር ሚስቱን፣ የራሱን ሰርግ ነበር የሚያስታውሰው። አዲስ ሕይወት መጀመር ማለት ይሄ ነው ብዬ ለእማዬም ነገርኳት።

ራሴን አሞኛል። ቶሎ ልተኛ።

ሰኞ

ሳቂታ ከልምምድ በኋላ አልወጣችም። ወንበሮቹን ስትደረድር፣ የተደረደሩትን ደግሞ ስትደረድር ቆየችና ድንገት ተናገረች።

«ደስ ብሎት ነበር እኮ መምህርት።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ለወራት ፊቱ ጠቁሮ፣ ሰው አላናግር ብሎ ከርሞ፣ የዚያን ሳምንት ተለወጠ። ቀልድ ይቀልዳል። የሁሉንም ጨርቅ ጨረሰ። የኔን ቀሚስ ደግሞ አምጥቶ ‹ልበሺውና ልይሽ› አለኝ። ለብሼ ዞር ዞር አልኩለት። ሳቅን። ያን ዕለት ጠዋት ነው። እኔ ለሁሉም ‹ልብስ ሰፊው ዳነ› እያልኩ ዞርኩ።»

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዝም አልኩ፤ እንደማስተምረው።

«ከዚያ ወዲህ ታማሚዎቹ ጋ መቀመጥ አልችልም። ሰዓት ሠሪው አለ አይደል፣ ያ ቀጭኑ፣ ሁሌ ‹ትንሽ ተቀመጪ› ይለኛል። ክፍሉን ጠርጌ እወጣለሁ። ብጠይቀውና አዎ ቢለኝስ? ባልጠይቀውስ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ያን ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ ሐሳቡን አስታውሰው ነበር? ሰው እንደዚያ ይላል።»

ይሄን በደንብ ነው የምመልሰው። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይተክልም አልኳት። ያለበት ሰው ሲጠየቅ ሸክሙን የሚያሳርፍበት ያገኛል፤ የሌለበት ሰው የለብኝም ይላል። መጠየቅ ያለበት በግልጽ ነው፣ ‹መጥፎ ነገር አታስብም አይደል?› እያሉ መልሱን አፉ ውስጥ እየከተቱ ሳይሆን። ድንገተኛ እርጋታና ዕቃ ማደል ሲመጣ ደግሞ በተለይ

አቋርጬ ነበር እዚህ ጋ። ምን እንደነበር ረሳሁት፤ ስልክ ጠራ መሰለኝ።

«እርስዎ ጠይቀው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«በሥራዬ ስንቴ» አልኳት። እውነቴን ነው።

ረቡዕ

ቦክሰኛው ዛሬ ፊቱ ልክ አልነበረም። ሰዓት ሠሪው ገላውን ሲታጠብ «ብሞት ነው የሚሻለኝ» ብሎታል።

«አንተስ ምን አልከው?»

«ተው ባክህ፣ ዛሬ ማታ ኳስ አለ አልኩት።» ግዙፍ እጆቹን ተመለከተ። «ሪንግ ላይ ስንት ሰው ገጥሜያለሁ። ይቺን አንዲት ቃል ፈራሁ።»

ማንም አልሳቀም። ለዚህ ንግግር አይበቃም፣ በአፍ መለማመድ አለብን አልኳቸው። ዓርብ አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ረዳት ሆነን እንተውናለን። ታማሚውን እኔ እሆናለሁ፤ ጥያቄውን ቃል በቃል ትጠይቁኛላችሁ፣ ምላሳችሁ እስኪለምደው።

ቦክሰኛውና ኃላፊዋ ለዛሬ ሰዓት ሠሪው ብቻውን እንዳይሆን ተነጋገሩ።

ሐሙስ

ምግብ አልበላ አለኝ። ማሙሽ ሾርባ ሠርቶ ነበር። እኔ ስለ ዓርቡ ልምምድ አወራሁት፤ አገጩን በእጁ ደግፎ አዳመጠኝ። «እና እንዴት ነው የምትጠይቂው?» አለኝ። ነገርኩት። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ሳህኔን አነሳ።

ዓርብ

ዛሬ አልጽፍም።

እሑድ

አሁን ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ዓርብ ጠዋት ወንበሮቹን በክብ አደረግን። መሐል ላይ እኔና ቦክሰኛው ፊት ለፊት ተቀመጥን። የማስመስለውን ሰው አዘጋጅቼ ነበር፤ የሚያለቅስ፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ለጀማሪ የሚቀል። ቦክሰኛው ጉሮሮውን ጠረገና «እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ሰሞኑን ሳይህ ሌላ ሰው መሰልከኝ» አለ።

ላለቅስ ነበር ያሰብኩት። ፈገግ አልኩ። አፌ ለብቻው ተናገረ።

«ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ቀለል ብሎኛል። የማስተካክለውን አስተካክያለሁ። ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁት፣ ቧንቧው አያንጠባጥብም። ካሜራውንም ለሚሠራበት ሰው ሰጠሁት። እማዬንም አናገርኳት። ከእንግዲህ ማንንም አላስቸግርም።»

ድምፁ የኔ አልነበረም። የአነጋገሩ ርጋታ፣ በየመሐሉ ያለችው ሳቅ እንኳ። ቦክሰኛው የተለማመደውን አልረሳም፤ ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ ቀስ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ወንድሜ፣ ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አይ ማለት አቃተኝ፤ አዎ ማለትም።

ሳቂታ ተነስታ አጠገቤ በርከክ አለች። «መምህርት» አለችኝ፤ «ይሄን የሚለው ማነው?»

ጃንጥላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። ማን ምን እንዳለኝ አላስታውስም፤ ኃላፊዋ ብቻ በር ድረስ ተከትላኝ «ሂጂ፣ ሂጂ» ስትል ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ ደወልኩለት። አያነሳም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። አያነሳም። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ታክሲው ቆመ፤ ወርጄ ሮጥኩ። ያቺ ታክ ታክ የምትል ድምፅ ዝናቡ ውስጥ አብራኝ ትሮጥ ነበር። በእግዜር ፊት እምላለሁ፣ ሰምቻታለሁ።

በሩን ስከፍተው ምንም ድምፅ አላሰማም። ማሙሽ ብዬ መጥራት ፈራሁ፤ ካልመለሰልኝስ ብዬ።

ሳሎኑ ውስጥ ነበር። መጋረጃዎቹን አውልቆ አጥቦ፣ ወንበር ላይ ቆሞ መልሶ እየሰቀላቸው ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። ውኃ እያንጠባጠብኩ ስገባ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ውረድ» አልኩት። ወረደ። ተቀመጥን። ለስንት ሰው ያስተማርኩትን ጥያቄ ማንበብ እንደሚለማመድ ሕፃን ቃል በቃል አወጣሁት።

«ማሙሽዬ፣ ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

ሳቀ። «ትምህርትሽን በኔ ላይ ነው እንዴ የምትለማመጂው?»

«አይደለም። እህትህ ነኝ የምጠይቅህ።»

ዝም አለ። ዝምታውን ልሞላው ፈለግኩ። አይደለም አይደል፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ እማዬስ ልለው ፈለግኩ። እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። መጋረጃው ላይ ያለው ውኃ ወለሉ ላይ ይወርዳል።

«መቼ ነው የምትጠይቂኝ ስል ነበር» አለ።

ወደኔ አላየም።

«በየቀኑ ከሥራ ስትመጪ፣ ዛሬ ትጠይቀኛለች እላለሁ። ከዚያ ስለ ሠራተኞችሽ ታወሪኛለሽ። ሐሙስ ደግሞ ጥያቄውን ነገርሽኝ። አሁን ልትለኝ ነው ብዬ ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ‹ሾርባው ጨው በዝቶበታል› አልሽኝ።»

ብያለሁ። ጨው አልበዛበትም ነበር።

የቀረውን እንደ ደንቡ አደረግኩ። መቼ፣ እንዴት ብዬ ጠየቅኩት። ነገረኝ። ለእሑድ ነበር ያሰበው፤ ለዛሬ። ያዘጋጀውን እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ ተነስቶ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ልጅ ሆኖ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው። በዚያው በረጠበ ልብሴ ሆስፒታል ወሰድኩት። የአእምሮ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሦስታችንም አንድ ላይ ተቀመጥን፤ አስተኛችው።

ዛሬ እሑድ ነው። መስኮቱ ሥር አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። ይተነፍሳል። ቁጭ ብዬ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ።

ማክሰኞ

ተቆጥቶኛል። አያናግረኝም። «አሳሰርሽኝ» ነው ያለኝ ትናንት። ይበለኝ።

እማዬ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ድምፁ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች፤ ደጋግማ። ለሳቂታ የተናገርኩትን ሁሉ ልነግራት ጀመርኩ፤ ስለ ምልክቶቹ፣ የማንም ጥፋት ስላለመሆኑ። ሐሳቤ ተበታተነብኝ። «እኔም ደስ ብሎኝ ነበር እማዬ» አልኳት። እሱ ነው የረዳት። እጄን ይዛ ተቀመጠች።

በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ በየአልጋው አጠገብ አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሁሉም እንደኛ ናቸው።

ቅዳሜ

ሐኪሟ መድኃኒቱ ጊዜ ይወስዳል አለች። አውቃለሁ። ለስንት ቤተሰብ አስረድቻለሁ። ስታስረዳኝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምሰማው ሁሉ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

ዛሬ ማሙሽ ውኃ አምጪልኝ አለኝ። የተናገረኝ ይህን ብቻ ነው። ሮጥኩ።

ሐሙስ

ወደ ማገገሚያ ቤቱ ተመለስኩ። ያልጨረስኩትን ዝርዝር ለመጨረስ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ከከባድ ሐዘን በኋላ ድንገት መረጋጋት፤ የሚወዱትን ዕቃ ማደል፤ ሰዎችን መሰናበት። እነዚህን የዘለልኳቸው ሰዓት አልቆ ሳይሆን ቤቴ ውስጥ ስለነበሩ ነው አልኳቸው። ይህን ለመናገር ሌሊቱን ተዘጋጅቼ ነበር። ስናገረው አጭር ነው።

ቦክሰኛው «ወንድምዎስ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

«እግዜር ይመስገን» አለ። አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገ።

ከዚያ ኃላፊዋ ተነሳች። ከኪሷ ቁልፍ አወጣችና «ኑ» አለች። ሁላችንም ኮሪደሩን ተከትለናት ሄድን። ጫፉ በር ተከፈተ። አልጋ፣ አቧራ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው። መርፌው ላይ ክር አለ። ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ወንበር ሊያመጣ የወጣ የለም። አንዷ ልብስ ሰፊው ሱሪዋን እንዳሳጠረላት፣ ሌላዋ ክር ሲበጠስበት የሚሳደበውን ስድብ አነሳች። ኃላፊዋ «ዕቃ ቤት ነው እያልኩ ስንት ሰው አዞርኩ» አለችና ፊቷን ሸፈነች። ሳቂታ የዚያን ቀን ጠዋት የሆነውን ለሁሉም ነገረቻቸው፤ ቀሚሱን ለብሳ እንደዞረች። ስትጨርስ ቦክሰኛው «እኔም ያን ቀን አብሬው ቁርስ በልቻለሁ። አላየሁም» አላት። ሌላዋም «እኔም» አለች። ሌላውም።

ስንወጣ በሩን ማንም አልቆለፈውም።

ሰኞ

ሳቂታ በሰዓት ሠሪው ክፍል ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አየኋት። መጥረጊያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ።

«ጠየቅኩት።»

«እሺ?»

«አዎ አለኝ። አንዳንዴ፣ ማታ ማታ፣ አለኝ። ከዚያ ስለ ልጁ ነገረኝ። ስለ ልጁ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለኃላፊዋ ነግሬያት ሐኪሙ እየመጣ ነው።» ወደ ክፍሉ ዞር ብላ አየች። «እግሬ አሁንም ይንቀጠቀጣል። እርስዎም እንዲህ ይሆናሉ?»

«የኔ ከዚህም ይብሳል» አልኳት።

ሳቀች። የስሟ ምክንያት ገባኝ።

ድምፁን ግን አሁንም አልፎ አልፎ እንሰማዋለን። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቀጥ ሲል። ታክ ታክ ታክ። ያን ጊዜ ሁሉም የያዘውን ሥራ ለአፍታ ያቆማል። ፈርተው አይመስለኝም። ማን የት እንዳለ፣ ማን ብቻውን እንደተቀመጠ ዞር ዞር ብለው ያያሉ።

ዓርብ

ማሙሽ ከሆስፒታል ወጣ። ከስቷል። በር ላይ ቆሞ ቤቱን እንደ እንግዳ አየው። እማዬ ጎን ጎኑን ትላለች፤ መታጠቢያ ቤት ሲገባ በር ላይ ትቆማለች። «እማዬ፣ ልሽና ነው እኮ» አላት ዛሬ። ተሳሳቅን።

ሐኪሟ ፊት ቃል ተገባብተናል። እኔ በየቀኑ በግልጽ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ እውነቱን ይመልስልኛል። እውነቱ ምንም ቢሆን አልጮህም፣ አላለቅስም፣ ስለ ሾርባ አላወራም።

እሑድ

ዛሬ አዎ አለኝ። ትንሽ፣ አለ። ከጠዋቱ ነበር፣ አሁን ሄዷል። አልጮህኩም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።

ረቡዕ

ጥያቄው ሰልችቶታል። «እንደ ፖሊስ ነሽ» አለኝ። ቢሆንም መለሰ። አይ አለኝ። አመንኩት፤ ከዚያ ማመኔ አስፈራኝ። አሁን ሲስቅ ሳይ አብሬው በመሳቅ ፈንታ ዓይኑን እመረምራለሁ። ዝም ሲልም እንደዚያው። በልጅነቱ ሲስቅ ዝም ብዬ እስቅ ነበር። ያ ይመለስ ይሆን?

ቅዳሜ

ክረምቱ እየወጣ ነው። የማገገሚያ ቤቱ ሥራዬ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ኃላፊዋ እስከ በጋው አጋማሽ እንድቀጥል ጠይቃኛለች፤ እሺ እላታለሁ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከማሙሽ ጋር እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ በእግር ሄድን። ቀስ እያልን። ውኃው ጭቃ ይዞ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ሲቆም ክንዱን ያዝኩ፤ አየኝ፤ ክንዱን ግን አልነጠቀኝም። ከድልድዩ ማዶ አንድ ሰውዬ ጎማ ያስተካክላል፤ ማሙሽ ቆሞ አየው፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል አለ። ካሜራ የለውም። ዝም ብሎ ነው ያለው።

ስንመለስ ደረጃው ላይ ደክሞት ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዛሬውን አልጠየቅኩትም ነበር፤ ጠየቅኩት። በዚያችው ቃል፣ ሳልቀንስ።

ጫማው ላይ የያዘውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ አሰበ። ብዙ አሰበ። እኔም አልቸኮልኩም።

«ትናንት አይ ነበር» አለ። «ዛሬ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።» እንጨቱን ጣለው፤ ቤት ልግባ ብሎ ተነሳና እጁን ሰጥቶ አስነሳኝ።

«ነገ ጠይቂኝ» አለኝ።